በሳርማሽክ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ስለማትኖረው ሴት

ለተከበሩ ነጃቲ ቤይ
የኡችዱት ሰፈር ሙኽታር፣ የማህተሙ ጠባቂ፣ የሰፈሩ ሁሉ አባት
ኢስታንቡል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። የቢሮዎ በር ከተዘጋ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። መስታወቱ ላይ የለጠፏት «ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ» የምትለው ወረቀት ጫፏ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፤ ስምንት ቀን ሙሉ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጨጓራው፣ ኩላሊቱ፣ እንቅልፉም ጭምር እንዴት እንደሰነበተ መጠየቅ ደግሞ የጎረቤት ወግ ነው። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የባለቤትዎ የደም ግፊትስ? በረንዳው ላይ ያንጠለጠሏት ካናሪ ወፍ ዛሬም ትዘፍናለች፤ እሷን የሚመግባት ሰው ስላለ እርስዎም ብዙ እንዳልራቁ እገምታለሁ። ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ በማድረግ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ስሜ ናፉላ ባራሳ ይባላል። የናይሮቢ ሰው ነኝ። የፎጣ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ስሆን፣ መሥሪያ ቤቴ ወደዚህ ትልቅ ከተማ ካዛወረኝ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። የምኖረው፣ እርስዎ በገዛ እጅዎ ማህተም ባደረጉበት ወረቀት መሠረት፣ ከቢሮዎ አርባ እርምጃ ርቆ በሚገኘው ሳርማሽክ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አራት ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እርስዎ ስለማያውቁኝ ነው። እንደማያውቁኝ ለመንግሥት ሰዎች በፊርማዎ አረጋግጠዋል፤ ሙኽታር ደግሞ ሕዝብ የመረጠው የሰፈር ሹም፣ የሰፈሩም አፍ ነውና አይዋሽም።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ወረቀት ደረሰችኝ። «ባስመዘገቡት አድራሻ እንደማይኖሩ በተደረገው ማጣራት ስለተረጋገጠ የእድሳት ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ማስተካከያ ካላቀረቡ አገሩን ይለቃሉ» ትላለች። ወረቀቷ የደረሰችኝ፣ ልብ ይበሉልኝ፣ በማልኖርበት ቤት በር ስር ተገፍታ ነው። ከአሥሩ ቀን ስምንቱ አልቋል። የቀሩት ነገና ከነገ ወዲያ ናቸው።

ስለዚህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እንጀራዬም ጉድለት መቁጠር ነው።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። ዕቃዬን የጫነው መኪና ገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ባልቴት ሙኔቨር ሃኒም ክርናቸውን መስኮቱ ላይ ባነጠፉት ትራስ አስደግፈው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ከየት ነሽ? ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም? ለምን የለሽም? ኪራዩን ስንት አሉሽ? ውይ፣ በልተውሻል!» የመጀመሪያው ካርቶን መሬት ሳይነካ የሕይወት ታሪኬ ተጠይቆ አለቀ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያደግሁት ናይሮቢ፣ ካዮሌ ሰፈር ነው። በእኛ ሰፈር ብቻሽን ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው በኋላ በርሽን ሊሞክር ያሰበ ሰው ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውም ለጌጥ አይደለም። ስለዚህ ቀና ብዬ፣ ረጋ ብዬ፣ «ባል አለኝ። ፖሊስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» አልኳቸው። ሙኔቨር ሃኒም ትራሳቸውን አንስተው ገቡ። እኔም ይህን ያህል ጥሩ ውሸት በባዕድ ቋንቋ መዋሸት በመቻሌ ኮራሁ። ስለዚያ ባል ቆይቼ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳህኑ። በገባሁ በአሥረኛው ቀን ሙኔቨር ሃኒም አንድ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሳህን ይዘው እያነከሱ ወረዱና «አሹሬ ነው፣ ብዪ» ብለው ሰጡኝ። በሩን ዘግቼ መረመርኩት። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዘቢብ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ከላይ ሮማን ተበትኖበታል፤ ይህ ሁሉ ስኳር ውስጥ ነው የዋኘው። ሽምብራና ባቄላን ጣፋጭ ውስጥ የሚደብቅ ሰው ሌላስ ምን ይደብቃል ብዬ፣ እንደ ሙያዬ አንድ ማንኪያ ናሙና ወስጄ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ምንም አልሆንኩም። ጨረስኩት፤ ጣቴንም ላስኩ። ከዚያ ሳህኑን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ፣ እስኪያበራ ወልውዬ፣ በታላቅ አክብሮት መለስኩላቸው። ሙኔቨር ሃኒም ሳህኑን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ሳህኑን አዩና በሩን ዘጉ። ሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር ቃል አላወጡም። በጥርጣሬ ማስታወሻዬ ላይ «ሳህኑ ውስጥ የጠፋባቸው ነገር አለ፤ ሌባ መስያቸዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አዎን፣ የጥርጣሬ ማስታወሻ አለኝ፤ አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

እውነቱን የነገረኝ ምድር ቤት ያለው ባለሱቁ ሪዛ ነው። «እህቴ፣ የጎረቤት ሳህን ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ኧረ ነውር ነው!» አለኝ። «ምን ላድርግበት ታዲያ?» አልኩት። «ያለሽን ነዋ።» «ከዚያ እሳቸውስ?» «እሳቸውም ያላቸውን።» «እና መቼ ነው የሚያልቀው?» ስለው ሪዛ እንደ ሕፃን አየኝና «ለምን ያልቃል?» አለኝ። ሄጄ የአገሬን ጣፋጭ ሊጥ፣ ማንዳዚ ጠበስኩ፤ ሰባት ማንዳዚ ሳህኑ ላይ ደርድሬ ወሰድኩላቸው። ሙኔቨር ሃኒም አንዱን አገላብጠው አሸተቱ፤ ከዚያ ቆርሰው መጀመሪያ ለድመታቸው ሰጡ። ድመቷ እስከ ማግስቱ በሕይወት መኖሯ ሲረጋገጥ ሳህኑ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሞልቶ ተመለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አከበርኳቸው፤ ናሙና መውሰድ የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ሲወጣ ሲወርድ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅርጫቱ። ሙኔቨር ሃኒም ጉልበታቸው ደረጃ አላስወርድ ስለሚላቸው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቅርጫት በገመድ ወደ ሪዛ ሱቅ ያወርዳሉ፤ ሪዛ ዳቦና ጋዜጣ ይጨምርበታል፤ እሳቸው ይጎትታሉ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ቅርጫቱ ሲወጣ ሁልጊዜ በእኔ መስኮት ፊት ስለሚቆም ነው። እስከ አሥር ያህል ይቆጠራል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ስልሳ ቀን መዘገብኩት፤ አንድም ቀን አልሳተም። ውስጡ መስታወት ይኖር ይሆን ብዬ በመስኮት ተንጠልጥዬ አየሁ፤ ዳቦና ጋዜጣ ብቻ ነው። ያለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ቅርጫቱ መስኮቴ ፊት ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። ብከፍት፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ የምስር ሾርባ። ደብተሬ ላይ «ሳልናገር መታመሜን አውቀዋል፤ በብርቱ እየተሰለልኩ ነው» ብዬ አሰፈርኩ። ሾርባውን ግን ጠጣሁት፤ መጠርጠር እንጂ መራብ አልተከለከለም።

የሕንጻው ዘበኛ ሳትልምሽ ኤፈንዲም ያው ናቸው። በየጠዋቱ ዳቦ በሬ እጀታ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ቀትር ድረስ ካላነሳሁት በጡጫ እየደበደቡ «ዳቦው ደርቋል፣ አንቺስ?» ይላሉ። በእረፍት ቀኔ ረፍዶ መተኛት ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሪዛ ሻይ። ለክብሪት ብሎ እሱ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጣ አይወጣም። «አንድ ብርጭቆ ለጠላት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው እስኪያልቅ ድረስም በሩ ላይ በርጩማ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ እንደደረስኩበት ጥያቄ የሚመጣው ሁልጊዜ ከሁለተኛው ብርጭቆ ጋር ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባልሽ… ደህና ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይመጣል» እላለሁ። «ኢንሻላህ አይመጣም… ማለቴ፣ በሰላም ይምጣ» ይላል። ይህን የምላስ ወለምታ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አምስተኛው እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። ባለፈው ጸደይ የወንድምዎ ልጅ ሜትር ይዞ መጥቶ የበሬን ቁመትና ስፋት ለካ። ለማግባት እንደተዘጋጀ ሰፈሩ ያውቃል። «ቤቱ ስንት ክፍል አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሳምንቱ ተመልሶ ሳልጠይቀው፣ ሳልከፍለው፣ የክንዴን ያህል ብረት ያለው ሁለተኛ ቁልፍ በሬ ላይ ገጠመ። «አጎቴ ናቸው ያዘዙት» አለ። እርስዎ ቤቴን ለሙሽራ እያዘጋጁ እንደሆነ ገባኝ። ቁልፉ ላይ የልብስ ክር አስሬ፣ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው ቢከፍተው እንዲበጠስ አድርጌ አንድ ወር ጠበቅሁ። ክሩ አልተበጠሰም። ይህም ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ትዕግሥተኛ ሌባ የባሰ ነውና።

ስድስተኛውን ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ባለው ነገር ፊት የካናሪዋ ጩኸት ምንም አይደለም።

ከወር በፊት አንድ ሰኞ፣ እኔ ፋብሪካ ሳለሁ፣ ማህደር የያዙ ሁለት ሰዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። የመኖሪያ ፈቃድ የጠየቀ የውጭ ሰው በእርግጥ ባለው አድራሻ ይኖር እንደሆነ ጎረቤት ጠይቀው የሚያረጋግጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። አራት ሰው ጠየቁ፤ ስማቸው ከወረቀቷ ጀርባ ተዘርዝሯል። አራቱም አላውቃትም አሉ። በዚያ ማክሰኞ ወረቀቷን ይዤ ደረጃው ላይ ስቆም፣ ክቡር ሆይ፣ ሦስቱም ደብተሮቼ ትክክል ነበሩ አልኩ። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ሊያስወጡኝ ሲያሴሩ ነበር፤ ይኸው ተሳካላቸው። ሳትልምሽ ኤፈንዲን መጥረጊያቸውን እንደያዙ መንገድ ዘጋሁባቸው።

«ሳትልምሽ ኤፈንዲ፣ እኔ እዚህ ቤት አልኖርም?»

«ትኖሪያለሽ እንጂ! ዛሬም ዳቦሽን ሰቅያለሁ።»

«ታዲያ የለችም ያላችሁት ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩና ጆሮዬ ድረስ ተጠጉ። «ሁለት ነበሩ። ጫማቸው የተወለወለ። ስምሽን ከወረቀት ነው ያነበቡት። ማህደር ይዞ የመጣ ሰው መቼ ለደግ መጥቶ ያውቃል? እንዲህ ያለች ሴት አይቼም አላውቅ አልኩ።»

ከላይ ሙኔቨር ሃኒም በደረጃው ክፍተት ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። «እኔ ደግሞ ከሱ የተሻለ ነው ያልኩት! ያ ቤት የባሌ እህት ከሞተች ወዲህ ሰው አልገባበትም አልኳቸው። ትንሽ አለቀስኩላቸውም፤ አንደኛው መሐረብ ሰጠኝ።»

«የባልዎ እህት እዚህ ቤት ነበሩ?»

«ኧረ እሷ ኢዝሚር ነው ያለችው፤ ደህና ናት፣ ትናንት ደውላልኛለች።»

«ሙኔቨር ሃኒም፣ ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?» አልኩ።

እሳቸውም በዚያ ጉልበታቸው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ ወረዱ። አጠገቤ ሲደርሱ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ እኛ ሞኞች እንመስልሻለን? ፖሊስ ባል አለኝ ያልሽኝ ቀን ፊትሽን አይቻለሁ። ባሏን የምትጠብቅ ሴት እንዲያ ፊቷን አታጠቁርም። ሳምንት አልሽ፣ ወር አልሽ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ፎቶ የለ፣ አንድ ስልክ የለ። ሸሽተሽው ነው የመጣሽው። ገብቶናል። ለነጃቲ ነገርኩት፤ እሱም ይህች ልጅ ዓይናችሁ ስር ትሁን አለ። ታዲያ ስምሽን በወረቀት ይዘው ሲመጡ ሌላ ማን ሊልካቸው ይችላል? እጅ እጅሽን ይዘን እንስጥሽ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቅርጫቱ በመስኮቴ ፊት የሚቆመው መጋረጃዬ መከፈቱን፣ ማለትም በሕይወት ማደሬን ለማየት ነበር። ዳቦው ቀትር ላይ መነሳቱ የሚታየውም ለዚያው ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ለሙሽራ ሳይሆን ባሌ እንዳይገባ ነበር። ሰፈር ሙሉ ሰው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ተራ ገብቶ ከሌለ ሰው ሲጠብቀኝ ኖሯል። እኔ እነሱን ስሰልል እነሱ እኔን ይጠብቁ ነበር። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሙኔቨር ሃኒም ግን ማልቀሴን አይተው «አይዞሽ፣ አያገኝሽም» እያሉ ጀርባዬን ይመቱ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን እንዴት ልናገር?

እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ። ሳትልምሽ ኤፈንዲ መታወቂያ አልጠየቁም። ሙኔቨር ሃኒም ያለ መነጽር አያነቡም። ሪዛ ሁለት ሁለት ብርጭቆ አጠጥቶ «ኬንያዊት? እዚህ? ምናልባት ወደ ላይኛው ሰፈር» ብሎ ሸኛቸው፤ እሱም ወረቀት አላየም። እርስዎ ግን ጠረጴዛዎ ላይ መታወቂያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ አገላብጠው አንብበዋል። እውነተኛ የመንግሥት ሰዎች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ሪዛ እንደነገረኝ ያኔ ያሉት ቃል ይህ ነው፤ «ፖሊስ የሆነ ባል እውነተኛ መታወቂያ ያላቸው ሰዎች መላክ ያቅተዋል እንዴ? ደግሞስ ሙኔቨር ሃኒም አልቅሳ የማለችበትን እኔ አፍርሼ ሽማግሌ ሴት ውሸታም ላሰኝ?» የናይሮቢ ፖሊስ በኢስታንቡል መሥሪያ ቤት ሁለት ሠራተኛ አዝዞ፣ ማህደር አስይዞ ይልካል ብለው በማመንዎ ስለ አገሬ ፖሊስ አቅም ያለዎትን ከፍተኛ ግምት በአገሬ ሕዝብ ስም አመሰግናለሁ።

ያም ሆኖ እስከዚህ ድረስ ያለውን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወረቀቷ እንደመጣች ሪዛ ደውሎ በቃላችሁ የተነሳ ፈቃዴ እንደተከለከለ ነገረዎት። እርስዎም በማግስቱ ያችን የሻይ ወረቀት ለጠፉና ተሰወሩ። ማህተም የያዘ ሰው ዋሸ እንዳይባል ብለው ነው። ሰኞ ዕለት ተቃውሞዬን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ጸሐፊዋ ሳታየኝ «ሙኽታሩ ራሱ ቃሉን ካላነሳ ዋጋ የለውም፤ እስቲ እናያለን» አለችኝ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል ዋሽቶ፣ እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ እሱም ሻይ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ብቻ አይደለም። እኔም የማጥበው ቆሻሻ አለኝ። ስለዚህ ለኡችዱት ሰፈር ሕዝብ በሙሉ የሚከተለውን አሳውቃለሁ። ባል የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ፖሊስ ቀርቶ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ አግብቼ አላውቅም። የዋሸሁት ስለፈራኋችሁ ነው፤ የፈራኋችሁ ደግሞ ስለማላውቃችሁ ነው። ሙኔቨር ሃኒም፣ ይህን ሲሰሙ ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ መብትዎ ነው። ቆጣ ብለው ሳህን ቢልኩብኝም አልጠላም።

ነጃቲ ቤይ፣ እኔ ውሸቴን በአደባባይ ካነሳሁ እርስዎም የእርስዎን ማንሳት ይችላሉ። ነገ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማህተምዎን ይዘው፣ ከእኔ ጋር መሥሪያ ቤቱ ድረስ እንዲሄዱ በትሕትና እለምንዎታለሁ። የምንለው አጭር ነው፤ «ትኖራለች፤ ተሳስተን ነው።» ሙኔቨር ሃኒም በታክሲ ይመጣሉ፤ መሐረቡንም ለባለቤቱ ሊመልሱ አጥበው ተኩሰው አስቀምጠውታል። ከሐሙስ ወዲያ ያለው ዓርብ ነው፤ ከዓርብ ወዲያ እኔ የለሁም። ሳህኑ አሁን እኔ ጋ ነው፤ ተራው የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫቱ መስኮቴ ፊት ቆሞ እስከ አሥር ሲቆጠር መጋረጃዬ ካልተከፈተ፣ ለሙኔቨር ሃኒም ምክንያቱን የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።

እርስዎ በቸርነትዎ ባዶ ነው ባሉት ቤት ውስጥ፣ በሰጡኝ ሁለት ቁልፍ ተቆልፌ፣ መምጣትዎን በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣ የማያውቁኝ ጎረቤትዎ፣

ናፉላ ባራሳ
ሳርማሽክ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አራት

ግልባጭ፦
ለሙኔቨር ሃኒም (በቅርጫት)
ለሳትልምሽ ኤፈንዲ (ከዳቦው ጋር)
ለሪዛ ሱቅ
ለድመቷ፣ ለቀምሰሽ እይው አገልግሎቷ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ እየለጠፍኩ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጫማቸው የተወለወለ ነው። አንደኛው ማህደር ይዟል። «እህት፣ ሙኽታሩን የት እናገኛቸዋለን?» አሉኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ሳላስበው፣ ሙኽታር የሚል ትልቅ ሰሌዳ ከራሴ በላይ እያለ «ሙኽታር? እዚህ ሰፈር? እኔ እንጃ» አልኳቸው። «አንቺስ እዚህ ነው የምትኖሪው?» አለ ባለማህደሩ። «እኔ? መንገደኛ ነኝ» አልኩ። ጻፈው። ሲዞር ማህደሩ ላይ ያለውን ማህተም አየሁ፤ ማክሰኞ በሬ ስር በገባችው ወረቀት ላይ ያለው ያው ማህተም ነው። ተቃውሞዬን ሊያጣሩ ነው የመጡት። ከወር በፊት እርስዎ ያንን እንዴት እንዳደረጉት አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም እኔን አይጠይቁኝ።

ይህን ማስታወሻ ከደብዳቤው ግልባጭ ጋር የሚያደርስልዎ ሳትልምሽ ኤፈንዲ ናቸው። እርስዎ የት እንዳሉ ጨርሶ አላውቅም ብለው ምለውልኛል፤ ስለዚህ እሳቸው ያውቃሉ። ሰዎቹን ሪዛ ከመንገድ ጠርቶ ሱቁ አስገብቷቸዋል፤ ደብዳቤዬን ገና ስላላነበበ አሁንም ከባሌ እያዳነኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። በርጩማውን በሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጨርሰዋል። ሁለተኛው እስኪያልቅ ጊዜ አለዎት፤ ማህተሙን አይርሱ።